ለትሬዲንግ ሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት

ይህ ማሳሰቢያ የአክሲዮን፣ የፎሬክስ ወይም የክሪፕቶ ግብይት ለመጀመር ላሰቡ ሁሉ ነው። በተለይም በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ተጋብዘው፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነጻ ገለጻ ሰምተው፣ አሁን ለሙሉው ሥልጠና ገንዘብ እያሰባሰቡ ላሉት ነው። ዕቁባቸውን ያወጡ፣ ከዘመድ የተበደሩ፣ እህታቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸውን ለዚሁ ያስቀመጡ አሉና አቋሜን ሳላዞር እናገራለሁ። ጀማሪ ሰው ለትሬዲንግ ሥልጠና ከባድ ገንዘብ መክፈል የለበትም። ትምህርቱ በነጻ ወይም በአንድ መጽሐፍ ዋጋ ይገኛል። ከትምህርቱ ጋር አብሮ የሚሸጠው የቋሚ ገቢ ተስፋ ግን በየትኛውም ዋጋ አይገኝም።

ጥሪው አሁን የበረታበት ምክንያት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተቀመጠ ቁጠባ ሲሳሳ ሁሉም አይቷል፤ በዶላር የሚከፍል ሥራ ደግሞ የብዙ ወጣት ምኞት ሆኗል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም የወጋገን ባንክ አክሲዮን ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ገዝተዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት የአክሲዮን ገበያ ያልነበረው ሕዝብ ስለ ገበያ ከአባቱም ከትምህርት ቤቱም የሰማው ነገር ጥቂት ነው። ይህንን ባዶ ቦታ ለመሙላት ቀድሞ የደረሰው ደግሞ መንግሥትም ዩኒቨርሲቲም ሳይሆን ሥልጠና ሻጩ ነው።

አሠራሩ በግልጽ ተመርምሮ ፍርድ ቤት የቀረበው በአሜሪካ ነው። ኦንላይን ትሬዲንግ አካዳሚ የሚባል፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በካሊፎርኒያ የነበረና በብዙ ከተሞች የማስተማሪያ ማዕከላት የከፈተ ድርጅት ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ከሰሰው። በክሱ እንደተዘረዘረው ሰው የሚገባው በነጻ ገለጻ ነው። ቀጥሎ 299 ዶላር የሚከፈልበት የሦስት ቀን ትምህርት ይመጣል። እነዚያ ሦስት ቀናት ወደሚቀጥለው ደረጃ መሸጋገሪያ ናቸው፤ የላይኛው ደረጃ ዋጋ እስከ 50,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ድርጅቱ በዚህ መንገድ ከ370 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሰበሰበ ኮሚሽኑ ገልጿል። ማንም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል የተረጋገጠ ስልት አለን የሚለው ቃል በማስረጃ እንዳልተደገፈና ዋና ዒላማዎቹም ጡረታ የደረሱ ወይም የተቃረቡ ሰዎች እንደነበሩ በክሱ ሰፍሯል። ጉዳዩ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በስምምነት ተዘጋ። ድርጅቱ ያለ ማስረጃ የገቢ ተስፋ እንዳይሰጥ ታገደ፤ የሥልጠና ዕዳ ላለባቸው ሰዎችም ዕዳው የሚሰረዝበት መንገድ ተከፈተ።

ይህን ታሪክ በዝርዝር ያነሣሁት የደረጃውን አወጣጥ እንድታስተውሉ ነው። 50,000 ዶላር በመጀመሪያው ቀን ቢጠየቅ ማንም አይከፍልም። ነጻው ገለጻ ግን ምንም አያስከፍልም፣ 299 ዶላሩም የአንድ ኮርስ ዋጋ ነው። በሦስተኛው ቀን አጠገባችሁ ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ተዋውቃችሁ፣ አስተማሪውን ወድዳችሁ፣ ሦስት ቀን ከሥራ ቀርታችኋል። እስካሁን የተማራችሁት መሠረቱ ብቻ ነው፣ ምሥጢሩ ያለው በሚቀጥለው ክፍል ነው ትባላላችሁ። ያወጣችሁት ጊዜና ገንዘብ ከንቱ እንዳይቀር ስትሉ ትከፍላላችሁ። በአዲስ አበባም የዋጋው መጠን ይለያይ እንጂ ደረጃው ያው ነው፦ ነጻ የቴሌግራም ቻናል፣ ከዚያ መሠረታዊ ኮርስ፣ ከዚያ ከፍተኛ ኮርስ፣ ከዚያ ቪአይፒ ግሩፕና በየወሩ የሚከፈልበት ሲግናል (የግዙ ሽጡ ጥቆማ)፣ በመጨረሻም የግል ሜንተርሺፕ። ምሥጢሩ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ነው የሚጠብቃችሁ።

ሌላው መንገድ ተማሪውን ራሱን ሻጭ የሚያደርገው ነው። አይኤም አካዳሚ በሚል ስም የሚታወቀውን የፎሬክስና የክሪፕቶ ሥልጠና ድርጅት የንግድ ኮሚሽኑና የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ከሰውታል። በክሱ መሠረት ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል፤ የሄደውም በአብዛኛው ወደ ወጣቶች ነው። አባል የሆነ ሰው በየወሩ ይከፍላል፤ ሌሎችን ካስገባ ደግሞ ክፍያው ይቀርለታል፣ ከዚያም ገቢ ያገኛል ይባላል። ጓደኛችሁ ወይም የአክስታችሁ ልጅ ወደ ሥልጠና ሲጋብዛችሁ በክፋት ላይሆን ይችላል። የራሱን ክፍያ ለማስመለስ እየታገለ ሊሆን ይችላልና በፍቅር ጠይቁት፤ ከግብይቱ ምን ያህል አገኘህ፣ ሰው በማስገባትስ ምን ያህል አገኘህ በሉት። መልሱን ከሰማችሁ ስለ ሥልጠናው ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ አስተማሪው የሚኖረው በምንድን ነው የሚል ነው። ከሥልጠና ክፍያ መኖሩ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛውን ምንጭ ነው። በዚህ ሊንክ አካውንት ክፈቱ ሲላችሁ ሊንኩ የእርሱ ነው። በሥራው ቋንቋ አይቢ ይባላል፤ ደንበኛ ወደ ብሮከር፣ ማለትም ወደ አገበያይ ድርጅት፣ የሚያመጣ ሰው ማለት ነው። ብሮከሩ እናንተ በገዛችሁና በሸጣችሁ ቁጥር ለእርሱ ኮሚሽን ይከፍለዋል። እናንተ ብታተርፉም ብትከስሩም ኮሚሽኑ ይገባል፤ አንዳንድ ውል ደግሞ ብሮከሩ ከደንበኛው ኪሳራ ከሚያገኘው ላይ ድርሻ ይሰጣል። እንዲህ ያለ አስተማሪ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ግዙ፣ ዛሬ ገበያው አይመችምና ተቀመጡ ብሎ ቢመክራችሁ ገቢውን ራሱ ይቀንሳል። በቪአይፒ ግሩፕ ውስጥ በቀን አሥርና አሥራ አምስት ሲግናል ሲላክ ይህን አስቡ።

ሒሳቡን በትንሽ ገንዘብ እንሥራው። 100 ዶላር አስገብታችሁ በ0.1 ሎት (ሎት የግብይት መጠን መለኪያ ነው) ዩሮን በዶላር ብትገዙ አንድ ፒፕ፣ ማለትም አንዱ የዋጋ እርምጃ፣ አንድ ዶላር ነው። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፒፕ ቢሆን ግብይቱን እንደከፈታችሁ አንድ ዶላር፣ ማለትም ከገንዘባችሁ አንድ በመቶ ሄዷል። በሳምንት 20 ጊዜ ብትገበያዩ 20 ዶላር ለወጪ ብቻ ትከፍላላችሁ። ገና ትክክል ወይም ስሕተት መሆናችሁ አልተቆጠረም። በወር ውስጥ ከመነሻ ገንዘባችሁ አብዛኛውን የሚያህል ወጪ የሚሸፍን ትርፍ አግኝታችሁ ነው ባላችሁበት የምትቆዩት።

ሌቬሬጅ የሚባለው ከዚህ ይከፋል። 1 ለ500 ማለት በ100 ዶላር የ50,000 ዶላር ግብይት መክፈት ይቻላል ማለት ነው። ዋጋው በ0.2 በመቶ ብቻ ወደ ማይፈለገው አቅጣጫ ቢሄድ፣ ለምሳሌ ዩሮ ከ1.1000 ወደ 1.0978 ቢወርድ፣ 100 ዶላሩ አለቀ። ብሮከሩ እንዲያውም ከዚያ በፊት ግብይቱን ይዘጋዋል። ዩሮ ይህን ያህል የሚንቀሳቀሰው በተራ ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። አውሮፓውያን ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑ የግለሰብ አካውንቶች በዚህ ዓይነት ግብይት እንደሚከስሩ አረጋግጠው ለዋና ዋና ገንዘቦች ሌቬሬጁን በ1 ለ30 ገደቡት፤ እያንዳንዱ ብሮከርም ከደንበኞቹ ስንት በመቶው እንደሚከስር በገጹ ላይ እንዲጽፍ አስገደዱት። ከኢትዮጵያ የሚመዘገበው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በሩቅ ደሴት ወደ ተቋቋመ ቅርንጫፍ ነው፤ በዚያ ገደቡም ማስጠንቀቂያውም የለም። ብዙ ብሮከሮች በአድራሻነት የሚጠቅሷት የቅዱስ ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ደሴት የገንዘብ ተቆጣጣሪ የፎሬክስ ንግድን እንደማይቆጣጠር ራሱ በይፋ አስታውቋል። በዚያ የተመዘገበ ድርጅት ገንዘባችሁን ቢያስቀርባችሁ አቤት የምትሉበት ቦታ የለም።

ሥልጠና ይህን የመክሰር ዕድል ይለውጠዋል ወይ? በጥንቃቄ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ በብራዚል የተሠራው ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በአክሲዮን ፊውቸርስ የቀን ግብይት የጀመሩትን 19,646 ሰዎች ተከታተሉ። ከ300 ቀን በላይ የጸኑት 1,551 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ከጸኑት ውስጥ 97 በመቶው ከስረዋል። ከብራዚል ዝቅተኛ ደመወዝ በላይ ያገኘው 1.1 በመቶ ነው፤ ከአንድ የባንክ ገንዘብ ከፋይ የመነሻ ደመወዝ በላይ ያገኘው ደግሞ 0.5 በመቶ ብቻ። ከሁሉ የሚከብደው ሰዎቹ በቆዩ ቁጥር እየተሻሻሉ መሄዳቸውን የሚያሳይ ምልክት አለመገኘቱ ነው። የሕንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ከ10 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ግለሰቦችን የሦስት ዓመት ውጤት አይቶ በፊውቸርስና በኦፕሽን ገበያ 93 በመቶው መክሰራቸውን እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቋል፤ ከከሰሩት ከሦስት አራተኛው በላይ መገበያየታቸውን አላቆሙም። በታይዋን ገበያ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተሠራው ጥናት ወጪውን ችሎ ደጋግሞ ማትረፍ የቻለው የቀን ነጋዴ ከ1 በመቶ በታች መሆኑን አሳይቷል።

እነዚህ አኃዞች የመጡት ከሦስት የተለያዩ አገሮች፣ ከተለያየ ገበያና ከተለያየ ዘመን ነው፤ ግን ይስማማሉ። ሦስት ቀን ወይም ሦስት ወር የሚፈጅ ኮርስ ከ100 አንዱን 80 ያደርገዋል የሚል ሰው ማስረጃውን ያምጣ። ማስረጃ ማለት ደግሞ የሠለጠኑትን ሁሉ ውጤት ማቅረብ ነው፤ የተሳካላቸውን ጥቂቶች ብቻ መምረጥ አይደለም። 200 ሰዎችን አሰልፋችሁ ዘውድና ጎፈር ብታስገምቱ ስድስት ያህሉ አምስት ጊዜ በተከታታይ ይገምታሉ። በማስታወቂያው ላይ ሕይወቴ ተለወጠ እያሉ የሚታዩት እነዚህ ስድስቱ ናቸው። ቀሪዎቹ 194 ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ብዙዎቹም ያልተሳካልኝ እኔ ስላልበረታሁ ነው ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ሥልጠናው የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፦ ስልቱ ትክክል ነው፣ ጥፋቱ የሥነ ልቦናህ ነው። በዚህ አነጋገር ስልቱ መቼም ሊሳሳት አይችልም።

ስክሪንሾትን አትመኑ። በምናባዊ ገንዘብ የሚሠራው የዴሞ አካውንት ከእውነተኛው ጋር አንድ ዓይነት መልክ አለው። ሴንት አካውንት የሚባለው ደግሞ ገንዘቡን በሳንቲም ስለሚቆጥር 100 ዶላር 10,000 ሆኖ ይታያል። በእርግጥ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሜታትሬደር በሚባለው የመገበያያ ሶፍትዌር ኢንቬስተር ፓስወርድ የሚባል አለ፤ ማየት እንጂ መገበያየት ወይም ገንዘብ ማውጣት አያስችልም። አስተማሪው የሁለት ዓመት የእውነተኛ አካውንቱን ኢንቬስተር ፓስወርድ እንዲሰጣችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ በሰርቨሩ ስም ላይ ዴሞ የሚል ቃል አለመኖሩን አረጋግጡ፤ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ከትርፉ ለይታችሁ ተመልከቱ። በወር 10 በመቶ አተርፋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁም ሒሳቡን ሥሩት። 100,000 ብር በወር 10 በመቶ እየወለደ በአምስት ዓመት 30 ሚሊዮን፣ በአሥር ዓመት 9 ቢሊዮን ብር ያልፋል። እንዲህ የሚያፈራ እጅ ያለው ሰው በወንበር ጥቂት ሺህ ብር እየሰበሰበ አዳራሽ የሚከራይበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልሂድ። ራስን ማስተማርም ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ በብራዚሉ ጥናት ከከሰሩት መካከል ብቻቸውን የተማሩ ብዙ እንደሚሆኑ መገመት ይቻላል። ዩቲዩብ ላይ በነጻ የሚያስተምረው ሰው ብዙ ጊዜ የዚያው ሥልጠና መግቢያ በር ነው። ብቻውን የሚማር ሰው ዛሬ አንዱን ስልት ነገ ሌላውን ይይዛል፤ የሚያርመው የለም። ራስን ማስተማር አሸናፊ አያደርግም፤ የሚያደርገው ስሕተቱን ርካሽ ማድረግ ነው። ለጀማሪ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የለም። አንብቦ፣ በዴሞ ሞክሮ፣ ይህ ለእኔ አይሆንም ብሎ የተወ ሰው ያጣው ጥቂት ምሽቶችን ነው። 60,000 ብር ከፍሎ እዚያው መደምደሚያ ላይ የደረሰ ሰው ግን ቁጠባውን አጥቷል። ከዚያም የሚብሰው የከፈለውን ለማስመለስ ወደ ገበያው ተጣድፎ የሚገባው ነው።

ምን ይነበብ ለሚሉ፣ የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይና ልውውጥ ኮሚሽን ለጀማሪዎች ያዘጋጀው ኢንቬስተር ዶት ገቭ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ የሚሸጥላችሁም ነገር የለውም። ቤቢፒፕስ የሚባለው ገጽ የፎሬክስን አሠራር ከሀ እስከ ፐ ያለ ክፍያ ያስተምራል፤ በሥልጠናዎች ውስጥ የሚሰጠው መሠረታዊ ክፍል አብዛኛው በዚያ አለ። ከመጻሕፍት ቤንጃሚን ግሬሃም እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው ዘ ኢንተሊጀንት ኢንቬስተርና በርተን ማልኪል እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ኤ ራንደም ዎክ ዳውን ዎል ስትሪት እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ሁለቱም ቶሎ ቶሎ ከመገበያየት ያስጠነቅቃሉ። ከዚያ በዴሞ አካውንት ቢያንስ ስድስት ወር ተለማመዱ፤ በተራ ደብተር ላይ ለምን እንደገዛችሁ፣ ምን ያህል ለማጣት እንደተዘጋጃችሁ፣ ምን እንደሆነ ጻፉ። በዴሞ ላይ ፍርሃት ስለሌለ እዚያ ማትረፍ ለእውነተኛው ገንዘብ ዋስትና አይሆንም። በዴሞ የከሰረ ሰው ግን በእውነተኛው ገንዘብ የሚጀምርበት ምክንያት የለም።

ብዙ ሰው ለሥልጠና የሚከፍልበትን ትልቁን ምክንያት ግን ማቃለል አይገባም። ነጻው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ቁጭ ብሎ ማርጂን ምንድን ነው፣ አክሲዮን ምንድን ነው ብሎ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚያ የሚከፍል ሰውም ሞኝ አይደለም። ይህንን ክፍተት መዝጋት የነበረባቸው ባንኮቻችን፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ናቸው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በስፋት ሊያስተምሩ ይገባል፤ በዚህ በኩል ገና ብዙ ይቀራል። እስከዚያው የምመክረው አምስት ስድስት ሆናችሁ የጥናት ማኅበር እንድታቋቁሙ ነው። እንግሊዝኛ የሚቀለው ያንብብ፣ ሒሳብ አያያዝ የተማረችው የኩባንያውን ሒሳብ ታብራራ፣ ሁሉም ደብተሩን በየሳምንቱ ለሌሎቹ ያሳይ። ብቻውን የሚማር ሰው የሚያጣው አራሚ በዚህ ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ማኅበሩ ለጥናት እንጂ ገንዘብ አዋጥቶ ለአንድ ሰው ለመስጠት አይሁን።

በአገራችን ገበያ አክሲዮን ገዝቶ መያዝ ከፎሬክስ ግብይት የተለየ ነገር መሆኑንም ልብ በሉ። የባንክ ወይም የቴሌኮም ድርሻ የገዛ ሰው ሥራ የሚሠራና ትርፍ ሊያካፍል የሚችል ድርጅት ባለድርሻ ነው። ዋጋው ሊወርድ ይችላል፤ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ዜሮ የሚወስደው ሌቬሬጅ የለበትም። ለዚህ የሚያስፈልገው ትምህርት ድርጅቱ ለሕዝብ የሚያወጣውን ደንበኛ መሳቢያ መግለጫ፣ ማለትም ፕሮስፔክተስ፣ አንብቦ መረዳት ነው። ምን ያህል አተረፈ፣ ምን ያህል ዕዳ አለበት፣ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለምን ያውለዋል፣ አክሲዮኑን መሸጥ ስፈልግ እንዴት እሸጣለሁ? ሰነዱ በነጻ ይሰጣል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት በዚህ ገበያ ለሕዝብ የኢንቨስትመንት ምክር የሚሰጥ ወይም የሚያገበያይ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የንግድ ፈቃድ ወይም የሥልጠና ማዕከል ፈቃድ ይህን አይተካም። ፈቃድ አለኝ ለሚላችሁ ሰው የማን ፈቃድ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። ወደ ውጭ ብሮከር ገንዘብ ለማስገባት በክሪፕቶ ከማይታወቅ ሰው ላይ ዶላር መግዛትም ሌላ አደጋ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ በዚህ መንገድ የላካችሁት ገንዘብ ቢቀርባችሁ የሚደርስላችሁ ተቋም ማግኘት እጅግ ይከብዳል።

አስተማሪ ሁሉ አታላይ ነው አላልኩም። ዋጋውን ከመነሻው በሙሉ የሚናገር፣ የሚቀጥል ደረጃ የሌለው፣ ብሮከር የማይመርጥላችሁ፣ ገቢ የማይተምን፣ የትምህርቱን ዝርዝር አስቀድሞ በጽሑፍ የሚሰጥ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወደዳችሁት ገንዘባችሁን የሚመልስ ሰው ካገኛችሁና ለክፍያው ካልተበደራችሁ መማሩ ነውር የለውም። የሒሳብ አያያዝ ወይም የፋይናንስ ኮርስ ደግሞ ትሬዲንግ ባትሠሩም ሥራ ያስገኛል። የማልታረቀው ከአንድ ነገር ጋር ነው፦ አካውንታችሁን ስጡን፣ እኛ እንገበያይላችሁ፣ ትርፉን እንካፈላለን ከሚለው ጋር። ፓስወርዳችሁን፣ በስልካችሁ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር፣ መታወቂያችሁን ለማንም አትስጡ። ትርፍ ቢኖር ይካፈላሉ፤ ኪሳራው ግን የእናንተ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ አንድ መብት እወቁ። ሻጩ በሆቴል፣ በስብሰባ አዳራሽ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቦታ 130 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ከሸጠላችሁ፣ በፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምክንያት ሳታቀርቡ መሰረዝ ትችላላችሁ፤ ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። ሻጩ ይህን ሊነግራችሁና የመሰረዣ ቅጹን ሊሰጣችሁ ይገባል። በኢንተርኔት የተገዛውን ግን ደንቡ አይሸፍንም፤ ስለዚህ በአዳራሽ ጀምሮ ክፍያውን በሊንክ የሚያስጨርስ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ክፍያውን በክሬዲት ካርድ መፈጸም ከዜልና ከጥሬ ገንዘብ ይሻላል፤ ካርዱን ባወጣው ባንክ በኩል መከራከር ይቻላልና።

አስቀድማችሁ ከፍላችሁ የከሰራችሁ ካላችሁ ቴሌግራሙን በንዴት አትሰርዙት። ደረሰኙን፣ የባንክ ዝውውሩን፣ የተሰጠውን የትርፍ ተስፋና የድምፅ መልእክቱን አስቀምጡ። በኢትዮጵያ ያላችሁ ለፖሊስና ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን፣ በአሜሪካ ያላችሁ ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አመልክቱ። የጠፋ ገንዘባችሁን በጥቂት ክፍያ እናስመልስላችኋለን የሚል ሰው በቅርቡ ሊደውልላችሁ ይችላል፤ የከሰሩ ሰዎች ስምና ስልክ ይሸጣልና። ለእርሱ አንድ ብር አትክፈሉ።